ዋጋው የእባቡ ሳይሆን የዘሩ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በኮምቦልቻና በደሴ በእንስሳት ጤና ሙያ የምንሠራ ሰዎች ነን። በውጭ አገር አንድ ዘንዶ በሺዎች ዶላር ሲሸጥ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች በየስልኩ ይዘዋወራሉ። ይህን ያየ ወጣት ሁለት ጥያቄ ያነሳል። አንዱ «እኔም ገዝቼ ባረባስ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቆላ ወርጄ የያዝኩትን ዘንዶ ለማን ልሽጠው?» የሚል ነው። ሁለቱንም የሚያሳስተው አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ ዶላር የሚከፈለው ለዘንዶነቱ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ዋጋው ከየት እንደሚመጣና ገዢው ከእባቡ ዋጋ በላይ ምን እንደሚያወጣ በቁጥር ብናስረዳ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

በቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዓይነት ነው። ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። መርዝ የለውም። ሴቷ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ትረዝማለች፣ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። በብዛት የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ለዓለም ገበያ በዋናነት የሚያቀርቡትም ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ናቸው። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ ለዚሁ እባብ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰዉ እንደ ክቡር ፍጡር ስለሚያየው ቤቱ ቢገባ እንኳ አይገድለውም። በእኛ ቆላማ አካባቢዎች የሚኖረው ግን ሌላ ነው። የአፍሪካ ዓለት ዘንዶ ይባላል፤ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል፣ ጠባዩም ቁጡ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ፍየልን በሬ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ተራ ቀለም ያለው፣ ቡናማና ጥቁር ዝንጉርጉር ቦል ፓይተን አሜሪካ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ከዚያ በላይ የሚጠራው ዋጋ በሙሉ የቀለም ዋጋ ነው። በበዓል ዋዜማ ገበያ የወጣ የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁለት ዶሮዎች ክብደታቸው እኩል ሆኖ ገብስማው ከሌላው የሚወደድበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ዶሮው ለአንድ ቀን ድስት የሚገዛ ሲሆን እባቡ የሚገዛው ለሚወልደው ልጅ ቀለም መሆኑ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለዘረ መል ነው።

ነጩ ከቢጫ ጋር የተቀላቀለበት፣ ዓይኑ ቀይ የሆነው አልቢኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ ተራብቶ ቀለሙ በዘር የሚተላለፍ መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ፓይቦልድ የሚባለው፣ ገላው ላይ ንጹሕ ነጭ ቦታ ያለው ደግሞ በ1997 ተረጋገጠ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም በሺዎች ዶላር ይገዙ ነበር። ዛሬ አልቢኖ ከ100 እስከ 200፣ ፓይቦልድ ከ150 እስከ 400 ዶላር ገደማ ይገኛል። ባናና የተባለው ቢጫ ቀለም ገበያ ሲወጣ በአሥር ሺዎች ዶላር ተሽጦ፣ አሁን በ100 ዶላር ገደማ የሚገኝ ሆኗል። ቪዲዮው ላይ ያለው የአሥር ሺህ ዶላር እባብ ሦስትና አራት ዘረ መል ተደራርቦበት፣ ገና ጥቂት ሰው እጅ ያለ ነው። እሱም በጥቂት ዓመት ውስጥ የባናናን መንገድ ይከተላል።

ለምን እንደሚወርድ ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት ሴት በአንድ እርባታ ወቅት ከ4 እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች፣ መካከለኛውን 6 እንበል። ሴቷ ለመውለድ 1,500 ግራም ገደማ መድረስ አለባት፤ ይህም ሦስት ዓመት ያህል ይወስዳል። ወንዱ ግን 700 ግራም ሲሞላ፣ ማለትም በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ይደርሳል። አንድ ወንድ ከአምስት ሴት ጋር መገናኘት ይችላል። ስለዚህ አዲስ ቀለም ያለው ወንድ ከሴቷ ይበልጥ ይወደዳል።

ቀለሙ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢመጣም የሚታይ ዓይነት ከሆነ፣ አምስቱ ሴቶች ከጣሉት 30 እንቁላል ግማሹ፣ 15 ያህሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያንኑ ቀለም ይዞ ይወጣል። ከ15ቱ ሰባት ያህሉ ወንድ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱ የየራሱን አምስት ሴት ይይዛል። ዋጋው በሁለትና በሦስት ዓመት ቢወድቅ አያስገርምም። እንደ አልቢኖና ፓይቦልድ ያለው ግን ድብቅ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። አልቢኖ ወንድ ከተራ ሴቶች የወለዳቸው 30ዎቹም ሲታዩ ተራ ናቸው፣ ነገር ግን ሁሉም ተሸካሚ ናቸው፣ ማለትም የአልቢኖውን ዘረ መል ሳይታይ ይዘውታል። ሴቶቹን ሦስት ዓመት መግቦ ካሳደጉ በኋላ ከአልቢኖ ወንድ ጋር ሲያገናኟቸው ከልጆቹ ግማሹ አልቢኖ ይሆናል። ሁለት ተሸካሚዎች እርስ በርስ ከተገናኙ ደግሞ ከአራት አንዱ ብቻ ነው። የድብቁ ቀለም ዋጋ ቀስ ብሎ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ መውረዱ ግን አይቀርም።

ሰው የሚታለለው እዚሁ ተሸካሚው ላይ ነው። ተሸካሚ እባብ ከተራው በዓይን አይለይም፣ ዋጋው ግን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «66 በመቶ ተሸካሚ» ካለ ከሁለት ተሸካሚዎች የተወለደና አልቢኖ ያልሆነ ማለቱ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው፣ አንዱ ባዶ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን ሻጩ ራሱ አያውቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እባቡ የጣለውን ቆዳ ወስደው ዘረ መሉን የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። የምርመራ ወረቀት ለሌለው ተሸካሚ ከተራው ዋጋ በላይ መክፈል ተገቢ አይደለም ብለን እናምናለን።

ቀለም ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው የሚያስከትለው ሌላ ጉዳትም አለ፣ እኛን ይበልጥ የሚያሳዝነንም ይሄኛው ነው። ስፓይደር የሚባለው እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን መስመር ያለው ቀለም ከሚዛን መዛባት ጋር አብሮ ነው የሚወረሰው። እባቡ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይጣመማል፣ ምግቡን ሊነክስ ሲል ይስታል፣ አንዳንዱ በጀርባው ይገለበጣል። በሕክምና አይድንም፣ ምክንያቱም ጉድለቱ ከቀለሙ ጋር በአንድ ዘረ መል የታሰረ ነው። እንግሊዝ ያለው ዓለም አቀፍ የተሳቢ እንስሳት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 በገበያዎቹ ላይ እንዳይሸጥ ከልክሎታል። ዴዘርት የተባለው ቀለም ሴቶቹ እንቁላሉን መጣል ስለሚያቅታቸው ሊሞቱ ይችላሉ። ካራሜል አልቢኖ አከርካሪው ጠምዞ ሊወለድ ይችላል። ሻጭ እነዚህን በፎቶ አያሳይም።

ቀጥሎ የአያያዙ ወጪ። አንድ ተራ እባብ በ50 ዶላር የገዛ አሜሪካዊ ለሳጥኑ ከ300 እስከ 500 ዶላር፣ ለማሞቂያው ከ60 እስከ 100፣ ሙቀቱን ለሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከ40 እስከ 150 ዶላር ገደማ ያወጣል። የደረሰ እባብ በዓመት 15 ገደማ አይጥ ይበላል፣ ይህም 100 ዶላር ይጠጋል። በጥሩ አያያዝ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። አሜሪካ ውስጥ በሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት አንዲት ሴት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ተገምቶ፣ ከ15 ዓመት በላይ ወንድ ሳታይ ሰባት እንቁላል ጥላለች። በ50 ዶላር የተጀመረ ነገር ሳይታወቅ ከሁለት ሺህ ተኩል እስከ አራት ሺህ ዶላር ይገባል ማለት ነው፣ ሐኪም ሳይጨመር።

ደሴ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ገደማ። ቦል ፓይተን በቀን ከሳጥኑ አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ከ24 በታች መውረድ የለበትም። በህዳርና በታህሳስ የደሴ ቤት ውስጥ ሌሊት 12 ዲግሪ ሲሆን የሳጥኑን መካከለኛ ሙቀት 26 ላይ ለመያዝ 14 ዲግሪ ልዩነት መሸፈን ያስፈልጋል። ለትልቅ እባብ የሚሆነው ሳጥን 120 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ነው፤ ስድስቱ ገጾቹ ሲደመሩ 3.6 ካሬ ሜትር ናቸው። በ18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ብቻ ከተሠራ በዚያ ሌሊት 150 ዋት ያህል ሙቀት ያለማቋረጥ ያመልጠዋል። በውጭ አገር ለዚህ መጠን የሚሸጠው የ80 ዋት ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ እንኳ አይበቃም። አምስት ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም በአምስቱም ገጽ ከውጭ ቢለበስና የፊት መስታወቱ ማታ በፎም ቢሸፈን፣ የሚያመልጠው ወደ 30 ዋት ይወርዳል። ከማንኛውም ማሞቂያ በፊት የሚገዛው ፎሙ ነው። ፎሙ ከውስጥ አይሁን፣ እባቡ በአፍንጫው እየፋቀ ያፈርሰዋልና።

መብራት ሲጠፋስ? ያልተለበሰው ሳጥን በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይጠጋል፤ የተለበሰው ከግማሽ ቀን በላይ ይቆያል። በዚህ መሐል የሚረዳው ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፦ 50 ዲግሪ ያህል የሞቀ፣ ማለትም እጅ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ የሚችለው ውሃ ሞልቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በአንዱ ጥግ ማስቀመጥ፣ ሲበርድም መለወጥ። የፈላ ውሃ አይሁን። ጠርሙሱ ይጣመማል፣ እባቡም ይቃጠላል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ቴርሞስታቱን እንዳያበላሸው ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። የተበላሸ ቴርሞስታት ማሞቂያውን ክፍት አድርጎ ሊተወው ይችላል።

ያለ ቴርሞስታት የተዘረጋ ማሞቂያ ምንጣፍ ላዩ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እባብ ሆዱ እየተቃጠለ ቶሎ አይነሳም። በመጀመሪያ የሆዱ ቅርፊት ይቀላል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ በኋላ ተቆርፎ ይወድቃል፤ ለመዳን ብዙ ወራትና ደጋግሞ ቆዳ መጣል ይጠይቃል። ብርድ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል። እባብ እንደ እኛ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለሌለው አክታውን ስሎ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይቆያል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሙቀቱን ወደ ላይኛው ወሰን ከፍ አድርጎ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ለሰው ወይም ለከብት የተገዛ አንቲባዮቲክ በግምት መስጠት ኩላሊቱን ሊያበላሽ ይችላል።

የእርጥበቱ መጠን ከ55 እስከ 70 በመቶ ነው። በበጋ የደሴ አየር ስለሚደርቅ፣ እባቡ ዓይኑ ወተት መስሎ ሲደፈርስ፣ ማለትም ቆዳውን ሊጥል ሲል፣ ክዳኑ የተበሳ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የራሰ ፎጣ ይደረግለት። ቆዳው ተቆራርጦ ከቀረ ወይም ዓይኑ ላይ ያለው ሽፋን ካልወጣ በጥፍር አይነቀልም፤ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ላይ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ለወለሉ ሰጋቱራ የሚመርጡ አሉ። የጥድ ሰጋቱራ መዓዛው ያለበት ዘይት ሳንባውን ይጎዳል፣ ተራ የጋዜጣ ወረቀት ይሻለዋል። በቅርፊቱ ሥር የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ቅንቅን ነው፤ ውሃ ዕቃው ውስጥ ሰምጦ የሚውል እባብም ብዙውን ጊዜ ቅንቅን ያለበት ነው።

ምግቡ ሌላ ራስ ምታት ነው። በውጭ አገር አይጥ በበረዶ ታሽጎ በመደብር ይሸጣል፤ እዚህ ግን ጠባቂው ራሱ አይጥ ማርባት አለበት። ገና የተፈለፈለ እባብ ከ50 እስከ 80 ግራም ይመዝናል፣ በየሳምንቱ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን አይጥ ይበላል። ዓመት ካለፈው በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከደረሰ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አንዴ፣ ከክብደቱ 5 በመቶ ይበቃዋል። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ አንድ ወንድና ሦስት ሴት ለአንድ እባብ ከበቂ በላይ ናቸው፣ ሽታቸው ግን ተከራይቶ ለሚኖር ሰው አይመችም። ከግቢ የተያዘ አይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፤ አይሰጠው። በሕይወት ያለ አይጥ ሳጥን ውስጥ አሳድሮ መተውም ክፉ ስህተት ነው፤ የራበው አይጥ የእባቡን ጀርባ እስከ አጥንት ይግጠዋል። መብራት በጠፋበት ሳምንት ደግሞ ከነጭራሹ አይመገብ፤ ሳይሞቅ መፍጨት አይችልም፣ የዋጠው ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና መልሶ ይተፋዋል። ከተፋ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይበላ ይረፍ። ጤነኛ ቦል ፓይተን ለወራት ምግብ እምቢ ሊል ይችላል። ክብደቱ ካልቀነሰ አስገድዶ ማጉረስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቆላ ወርዶ የተያዘ ዘንዶ ስንት ያወጣል የሚለው፣ አጭር መልስ አለው። የሚገዛው የለም። አሜሪካ የአፍሪካ ዓለት ዘንዶን ጎጂ ዝርያ ብላ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገሯ እንዳይገባ ከልክላለች። የቀለም ዘረ መል የለው፣ የወላጅ ሰነድ የለው፣ ከዱር የተያዘ ደግሞ በጥገኛ ተሕዋስያን የተሞላና ምግብ እምቢ የሚል ስለሆነ በየትኛውም ሕጋዊ ገበያ ዋጋ የለውም። በምዕራብ አፍሪካም ቦል ፓይተንን ከጉድጓድ ቆፍሮ የሚያወጣው ገበሬ የሚያገኘው የመጨረሻው ዋጋ ቅንጣት ነው። ኢትዮጵያ ሳይተስ የተባለውን የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ሁለቱም ዘንዶዎች በስምምነቱ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም እስራትን ይጨምራል። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እንጂ በቴሌግራም ያለ ደላላ አይደለም። «ገዢ አለኝ፣ ለሳጥንና ለክትባት አስቀድመህ ላክ» የሚል ሰው ገንዘቡን ብቻ ነው የሚፈልገው። እባብን ከየትም ለመላክ የሚጠየቅ ክትባት የለም፤ ይህን አንድ ነገር ማወቅ ብዙ ሰው ከመታለል ያድናል።

ከእርሻ ዳር ወይም ከቤት ውስጥ ዘንዶ የተገኘ እንደሆነ ራቅ ብሎ ቆሞ ሕፃናትንና ውሻን ማራቅ፣ መውጫ መተው፣ ካልሄደም ለወረዳው ግብርና ወይም አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው። በአብዛኛው የሚነከሰው በዱላ ሊመታው የሞከረ ሰው ነው። እባብ ሳልሞኔላ የተባለ የሆድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ስለሚችል የነካው ሰው ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይንካው።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከውጭ የተገኘ የእባብ ዋጋ በጋዜጣችሁ ስታትሙ አራት ነገር አብሩበት፦ ቀለሙ በነጠላ የሚታይ ነው ወይስ ድብቅ፣ ወንድ ነው ወይስ ሴት፣ ዋጋው የየትኛው ዓመት ነው፣ ሳጥኑና ማሞቂያው ስንት ፈጅቷል። አራቱ ያልተገኙለት ዋጋ ባይታተም እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች
ኮምቦልቻና ደሴ